የጓሮ ጥንቸል ምን ያህል ታድጋለች? ስንት ዓመትስ ትኖራለች?

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ቅዳሜ የጓሮዬን ሣር ሳጭድ ከማጨጃው ፊት ጸጉር የተቀላቀለበት ደረቅ ሣር አየሁና ሞተሩን አጠፋሁ። ገለጥ ሳደርገው ከጥልቀቷ አንድ ስንዝር በማትሞላ ጉድጓድ ውስጥ አራት የጥንቸል ልጆች ተደራርበው ተኝተዋል። ዓይናቸው አልተከፈተም፤ ጆሯቸውም ከጀርባቸው ጋር እንደተጣበቀ ነው። እናታቸው በአካባቢው የለችም። መልሼ ሸፈንኳቸው።

አሁን ልጄ አንዷን ካላሳደግን እህል አልቀምስም ብላለች። ከመወሰኔ በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ እንዲህ ያለች የዱር ጥንቸል ስታድግ ምን ያህል ትሆናለች? ስንት ኪሎ ትመዝናለች? ዕድሜዋስ? የሥራ ባልደረባዬ አሥር ዓመት ትኖራለች ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅም አትሞላ ይላሉ። የማንን ልመን?

ዱር ወዳድ፦

ሰላም ወንድሜ። መልሰው መሸፈንዎ ደግ አድርገዋል። የተጎዱ የዱር እንስሳት በሚታከሙበት ቦታ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ፤ በረዶው ቀልጦ ሣር ማጨድ ከተጀመረ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስልካችንን አያሳርፈውም።

በጓሮዎ የወለደችው በምሥራቅ አሜሪካ በየሰፈሩ የምትታየው፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለባት፣ ጅራቷ ከሥር ነጭ የሆነው ጥንቸል መሆን አለባት። ሳይንሱ ሲልቪላገስ ፍሎሪዳነስ ይላታል። ስታድግ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ከ40 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች። ክብደቷ ከ800 ግራም እስከ 1.5 ኪሎ ነው፤ አማካዩ 1.2 ኪሎ ያህል ይሆናል። ሴቷ ከወንዱ ጥቂት ትገዝፋለች። ሣር ላይ ቁጢጥ ብላ ሲያዩዋት ከዚህ የምትበልጥ ትመስላለች፤ ያ ሁሉ ግን ጸጉር ነው። በፎጣ ጠቅልለን ሚዛን ላይ ስናስቀምጣት ከጸጉሩ በታች የሚገኘው ቀጭን አጥንትና እንደ ልብ የሚፈነጠር የኋላ እግር ብቻ ነው።

ወደ ዕድሜው ስመጣ፣ ሁለቱም ሰዎች አልዋሹዎትም። የሚያወሩት ስለ ሁለት ዓይነት እንስሳ ነው። አሥር ዓመት የምትኖረው ቤት ውስጥ የምትረባው ጥንቸል ናት። እሷ የአውሮፓ ጥንቸል ዝርያ ስትሆን ከጓሮዎ ጥንቸል ጋር እንኳን ልትዋለድ አትችልም፤ የቤቷ ክሮሞሶም (በሴሏ ውስጥ ያለው ዘር ተሸካሚ ክር) 44፣ የጓሮዋ 42 ነው። የጓሮዎ ጥንቸል ግን በዱር የምትኖረው በአማካይ 15 ወር ያህል ነው። ሦስት ዓመት የደፈነች ካገኙ ዕድለኛ ናት።

ይህን አማካይ ሲሰሙ በ15 ወሯ ታረጃለች ብለው እንዳያስቡ። አካሏ ከዚያ በላይ ይችላል፤ በሰው ጥበቃ ሥር እስከ ዘጠኝ ዓመት የኖሩ አሉ። ቁጥሩን የሚያወርደው የመጀመሪያው ዓመት ሞት ነው። ገና ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ ቁራና እባብ ይለቅሟቸዋል። ከወጡ በኋላ ቀበሮ፣ ጭልፊት፣ ጉጉት፣ የጎረቤት ድመትና መኪና ይጠብቃቸዋል። እናትየው ይህን የምትቋቋመው በመውለድ ነው። እርግዝናዋ 28 ቀን ገደማ ነው፤ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አምስት ያህል ትወልዳለች። ሁሉም ቢያድጉ ኖሮ በሜሪላንድ የሚታጨድ ሣር ባልተረፈ ነበር።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎት። እናትየዋ አልጠፋችም። አጠገባቸው ብትውል ጠላት ስለምትጠራባቸው ርቃ ትውላለች፤ ንጋትና ምሽት ላይ መጥታ ለጥቂት ደቂቃ አጥብታ ትሄዳለች። ጉድጓዱ ላይ ሁለት ክር አጣልፈው ያስቀምጡና ጠዋት ይዩት፤ ከቦታው ከተነቃነቀ መጥታለች ማለት ነው። የሰው እጅ ነካቸው ብላ አትተዋቸውም፤ ያም ሆኖ ባይነኳቸው ይሻላል፤ ግድ ከሆነ በጓንት ይሁን፤ ጥንቸል ቱላሪሚያ የሚባል በሽታ ታስተላልፋለች። የላም ወተት በፍጹም አይስጧቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ይሞታሉ። በሦስት ሳምንት ገደማ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ጆሯቸው ቆሞ፣ የቴኒስ ኳስ ሲያክሉ በራሳቸው ይወጣሉ። በዚያ መጠን ብቻዋን ያገኟት ጥንቸል የጠፋች ሳትሆን ራሷን የቻለች ናት። ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማሳደግ ደግሞ ሕጉም አይፈቅድልዎትም።

እመቤት ጎመን፦

ዕድሜያቸው አጭር ነው ሲባል አንጀቴ አልተንሰፈሰፈም፤ ይቅር በሉኝ። የአገር ቤት ጎመን ዘር ተቸግሬ አስመጥቼ፣ አብቅዬ፣ ቅጠሉ አራት ሲደርስ በአንድ ሌሊት ግንዱ ብቻ ቀረልኝ። አጋዘን በልቶት ነው ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ተሳስተዋል፤ አጋዘን ሲበላ ይቦጭቃል፣ ጫፉ ይቀዳደዳል። ጥንቸል ግን በቢላዋ እንደተቆረጠ ሰያፍ አድርጋ ነው የምትጠረጥረው። በክረምት ሣሩ በበረዶ ሲሸፈን ደግሞ ወደ ተክል ልጥ ትዞራለች። የትንሿን የፖም ዛፌን ልጥ ዙሪያውን ልጣ አድርቃብኛለች።

መድኃኒቱ የዶሮ ሽቦ ነው። ቀዳዳው ከ2.5 ሴንቲ ሜትር አይስፋ፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከሥሩ ጥቂት መሬት ውስጥ ይቀበር። ጤና አዳሜን እስከ ዛሬ አልነኩብኝም፤ ሽታውን የፈሩት ይመስለኛል። ለእነሱ ብዬ ጥግ ላይ ያለውን ማገጥ ሳላጭድ ትቼላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ደግነት የለኝም።

የጎባው ሰው፦

እኔ ባሌ ውስጥ ያየኋት ጥንቸል ከዚህች በጣም ትገዝፋለች፤ ጆሮዋም ይረዝማል። ልጆቿንም በጉድጓድ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ደግሞስ ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸል ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ብሎ ከልክሎን የለ? እህቴ፣ እውነት ታመሰኳለች?

ዱር ወዳድ፦

ጋሼ፣ እርስዎ ያዩዋት ሌላ ወገን ናት። በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ ያለችው የደጋ ጥንቸል ከሁለት ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ቢሆንም እሷንም ያድናል። የእርሷ ወገን የሆኑት ልጆቻቸውን የሚወልዱት ጸጉር አብቅለው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ስለሆነ ጉድጓድ አያስፈልጋቸውም። የዚህ አገሯ ደግሞ ራቁታቸውንና ዓይነ ስውር ሆነው ስለምትወልዳቸው ከራሷ ሆድ ጸጉር ነጭታ ታለብሳቸዋለች። ጠያቂው ያዩት ጸጉር ያ ነው።

ማመስኳቱን በተመለከተ፣ እንደ ላም ከሆዷ ወደ አፏ አትመልስም። መንጋጋዋ ግን አያርፍም፤ በዚያ ላይ ከምትጥለው በጠጥ ለስላሳውን ከሥሯ ተቀብላ እንደገና ትበላዋለች፤ በመጀመሪያው ዙር ያላገኘችውን ቪታሚንና ፕሮቲን የምታገኘው በዚህ ነው። ሳሩን ሁለት ጊዜ ትፈጨዋለች ማለት ይቻላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩ ጠዋት ጉድጓዱ ዳር ወድቆ አገኘሁት፤ ጉድጓዱም በሣሩ እንደገና በደንብ ተሸፍኗል። ለልጄ እናትየዋ ሌሊት እንደምትመጣ ሳስረዳት ቁርሷን በላች። ዙሪያውን ሣሩን ሳላጭድ ልተወው ነው፤ የመኖሪያ ሰፈሩ ማኅበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢልክም ለሦስት ሳምንት እታገሣለሁ። ልጄ ግን ድመት እንዳይደርስባቸው ሽቦውን በጉድጓዱ ዙሪያ እንትከል እያለች ነው።

እመቤት ጎመን፦

እናታቸው በየት ትግባ? ሽቦው ለጎመኑ ነው። አሁኑኑ ይግዙት፤ በሦስት ሳምንት አራት አፍ ይጨመርልዎታል።