ፊዚክስ የሚማር ከታሪክ ተማሪ ይበልጣል እንዴ?

የማርቆሱ፦
የታሪክ ፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። ዶርም የምንጋራው ልጅ ፊዚክስ ነው። ቡና በጠጣን ቁጥር «እናንተ እኮ ተረት ነው የምታጠኑት» ይለኛል። ትናንት ጭራሽ የጂአርኢ (የድኅረ ምረቃ መግቢያ) ፈተና ውጤት በየዘርፉ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከስልኩ አውጥቶ አፌን አስያዘኝ። እውነት ብልህነት በዘርፍ ይለያያል?

ጣና ዳር፦
ሰንጠረዡን እስከ ታች ያንብበዋ! ጂአርኢ በሒሳብም በቋንቋም ከ130 እስከ 170 ነው የሚታረመው። በሒሳቡ ፊዚክስና ኢንጂነሪንግ ከፊት ናቸው፤ አይካድም። በቋንቋና በጽሑፍ ግን ፍልስፍና ነው ቁንጮው። ደግሞ ፈተናውን የሚወስዱት ገና ለመግባት የሚያመለክቱ ናቸው፤ ፒኤችዲ ጀምረው የሚንገላቱ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንግሊዝኛው ያነሰበት ሰው ነጥቡ ቢወርድ ጭንቅላቱ አነሰ ማለት ነው? ፈተና የሚለካው የጠየቀውን ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያንን ልጅ ዋሸራ፣ ጎጃም ቅኔ ቤት ውሰደው። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት። ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ፣ በግእዝ፣ ቤት ሳይሰበርበት ይቁጠር እስቲ። ከተሳካለት ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይጠብቀዋል። ታላቅ ወንድሜ ኢንጂነር ነው፤ ሒሳብ ላይ አይቻልም። ቅኔ ሲዘረፍ ግን ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ ነው የሚያጨበጭበው። (እሱ እዚህ አይገባም፣ አትንገሩብኝ።)

የማርቆሱ፦
ማታ ሰንጠረዡን አስነበብኩት። ፍልስፍና ጋ ሲደርስ «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ወጣ። አልተደወለም።