የወይን ችግኞቼ አላድግ አሉኝ፤ የአፈር ፈንገስ ይጠቅማቸዋል?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የተከለችው ወይን ዘንድሮም ዳሱን ሞልቶታል። ከእሱ ቆርጬ አጥሩ ጥግ የተከልኳቸው 3 ችግኞች ግን ዓመት ሞልቷቸው ከጉልበቴ አላለፉም። ቦታው ቤት ሲታደስ አፈሩ የተገለባበጠበት ነው። ዳፕ ሁለት ጊዜ ሰጥቻቸዋለሁ። ዙሪያቸው ጎመን አለ። ጓደኛዬ «ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ጨምሪበት» አለችኝ። ፈንገስ በሽታ አይደለም እንዴ? የእናቴ መታሰቢያ ስለሆኑ እንዲደርቁብኝ አልፈልግም።

መልስ (ካዛንቺስ)፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ቅጠል ላይ ዱቄት መስሎ የሚወጣው ፈንገስ ጠላት ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ሥሩ ውስጥ ይኖርና ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ወደማይደርስበት አፈር ይዘረጋል። ፎስፈረስና ዚንክ ያመጣለታል፤ ወይኑም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። እንጉዳይ አያወጣም። ስለዚህ የሚበላ እንጉዳይ ዘር ገዝተሽ እንዳትቀብሪ።

መልስ (አግሮኖሚ የተማርኩ)፦ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዳፑን ነው። በማዳበሪያ አቆጣጠር 46 በመቶው ፎስፈረስ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ከተትረፈረፈለት ፈንገሱን አያስጠጋም። ዳፑን አቁሚ። ጎመን ደግሞ ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር አይወዳጅም። ንቀይውና ባቄላ ወይም አተር ዝሪ፤ ሥራቸው ፈንገሱን ያቆየዋል። በዶማ ደጋግመሽ አትገልብጪው፣ ክሮቹ ይበጣጠሳሉ። የሲሚንቶ ፍርስራሽ ካለም ልቀሚው።

መልስ (ፒያሳ)፦ ልጄ፣ ግዢ ምን አስፈለገሽ? የእናትሽ ወይን ጤነኛ ከሆነ ፈንገሱ እዚያው አለ። ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብለሽ፣ ስንዝር ያህል ቆፍረሽ፣ ቀጫጭን ሥር ያለበትን አፈር አውጪ። ፀሐይ ሳያደርቀው ችግኙ ሥር አጠገብ ቅበሪው። ሥሩን ካልነካው ዋጋ የለውም። እኔ ላዩ ላይ በትኜ አንድ ክረምት አባክኛለሁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ እማማ። አፈሩ በሽታ ይዞ ቢመጣስ?

መልስ (አግሮኖሚ የተማርኩ)፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ሥሩን አጥበሽ እዪው። እንደ መቁጠሪያ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ከሆነ በዓይን የማይታይ ትል ገብቶበታል፤ ያንን አፈር አትውሰጂ። ፈንገሱ ራሱ እብጠት አያወጣም። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ከሆነም ቦይ አውጪለት፤ ሥሩም ፈንገሱም ይታፈናሉ።

ጠያቂ፦ ዛሬ ቆፈርኩ። ሥሩ ልስልስ ነው፣ ቋጠሮ የለውም። ጎመኑን ነቅዬ ለሁለቱ ችግኞች አፈሩን ሰጠኋቸው። ሦስተኛውን ልዩነቱን ለማየት እንዳለ ተውኩት። ባቄላውን ነገ እዘራለሁ።