አስቸኳይ፦ ወጥመዱ በረዶ በሆነ መሬት ላይ አልረጋ አለኝ

ፍየል አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ፣ ዛሬ ማታ በረዶ ይጥላል ተብሏል። ኮዮቴ (ቀበሮ የሚመስለው የአሜሪካ አውሬ) ፍየሎቼን እየፈጀብኝ ነው። የእግር ወጥመድ ቀብሬ ነበር። ጠዋት ስሄድ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ሳይዘጋ ተገልብጦ ተኝቷል። ዙሪያው ዱካ በዱካ ነው። ሌላኛው ደግሞ ተረግጧል ግን አልዘጋም፤ አፈሩ ላዩ ላይ ሲሚንቶ ሆኗል። ምን ልጨምርበት?

የመርካቶ ልጅ፦
ጨው! መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው አለ አይደል? አንድ ከረጢት ግዛ፣ ከአፈሩ ጋር ቀላቅል፣ ቅበር። አለቀ።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ የት ስቴት እንዳለህ ንገረን። በረዶ ሁሉ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ገዳዩ ኮዮቴ መሆኑን በምን አወቅህ? አገር ቤት ፍየል በሞተ ቁጥር ጅብ ነው ይባላል፤ ሄደህ ስታይ የጎረቤት ውሻ ሆኖ ይገኛል። ኮዮቴ አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ይዞ አንቆ ነው የሚገድለው፣ ከገደለም ይበላል። ውሻ ግን ከኋላ ነው የሚይዘው። ታፋውን፣ ጆሮውን ይዘነጥላል፣ ብዙ ያቆስላል፣ ብዙም አይበላም። ይህን ሳታጣራ ወጥመድ ብትቀብር የሰው ውሻ ይዘህ ከጎረቤት ጋር ትጣላለህ። እኛ ልጆች ሳለን ትልልቆቹ ሬሳውን ገልብጠው ሳያዩ አንድ ነገር አይወስኑም ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ሆነ።

ፍየል አርቢ፦
ጋሼ፣ አይቻለሁ። ጉሮሮዋ ላይ ነው የተነከሰችው፣ ሆዷም ተበልቷል። ያለሁት ምዕራብ ሚኒሶታ ነው። አሁን እዚህ ከዜሮ ፋራናይት (-18 ሴልሺየስ) በታች ነው። እባካችሁ ስለ ወጥመዱ ንገሩኝ።

የዳኮታዋ፦
ወንድሜ፣ የገጠመህ ችግር ሁለት ነው። የተገለበጠው ወጥመድ ስላልረጋ ነው። ኮዮቴ መንጋጋውን (እግር የሚይዙትን ብረቶች) ወይም ሞላውን ረግጦ ከሥሩ ከተነቃነቀበት ይጠራጠርና ይቆፍረዋል። በረዶ የሆነ ጓል ላይ የተቀመጠ ወጥመድ ደግሞ መቼም አይረጋም። ያልዘጋው በአፈሩ እርጥበት ነው። በረዶ የሚሆነው አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ደረቅ አፈር ብርዱ የፈለገውን ያህል ቢከፋ አይጋገርም።

ጉድጓዱን በዶማ ክፈት፣ ከወጥመዱ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይስፋ። ጓሉን በሙሉ አውጣና ጣለው፣ መልሰህ እንዳትሞላበት። ከታች ደረቅ አፈር አንጥፍ። ወጥመዱን አስቀምጠህ ግራና ቀኝ እያሸህ ወደ ታች ተጫነው፣ አፈሩ ውስጥ እስኪሰምጥ። ከዚያ ከመንጋጋው ውጭና በሞላዎቹ ዙሪያ ደረቅ አፈር እየጨመርክ በመዶሻ እጀታ ጠቅጥቅ። ሰዎች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው፤ አንተ ግን አጥብቀህ ጠቅጥቅ። መርገጫው (ሲረገጥ ወጥመዱን የሚያዘጋው ሳህን) ሥር አፈር እንዳይገባ ስስ የሽቦ ወንፊት ቆርጠህ ላዩ ላይ አድርግ። ከዚያ መንጋጋውን ከላይ በዱላ ጫፍ ዙሪያውን ተጫን። የትኛውም ጎን ቅንጣት ከተነቃነቀ ነቅለህ እንደገና ጀምር። መጨረሻ ላይ በወንፊት ሩብ ኢንች ያህል ደረቅ አፈር ነፍተህ ሸፍን።

የመርካቶ ልጅ፦
ጨው ብትጨምርበት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም ነበር።

ቀልደኛው፦
ኮዮቴውማ ወጥመዱን አውጥቶ ያስቀመጠልህ "አስተካክለህ ቅበረው" ብሎ ነው 😂 የዳኮታዋ እህታችን "ደረቅ አፈር" ትላለች፤ በጥር ወር ሚኒሶታ ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል? እኔ ልንገርህ። አሮጌ ጎተራ ወይም የማሽን ሼድ ካለህ ወለሉን ጫር ጫር አድርግ። ጣሪያ ሥር ስለሆነ ዝናብ ነክቶት አያውቅም። ባልዲ ሙላና ሳሎን አስገባው። ባለቤትህ ከጠየቀች "አበባ ልተክልልሽ ነው" በላት።

የዳኮታዋ፦
የቀልደኛውን ምክር ያዙ፣ ቁም ነገር ነው። እኛ በመስከረም ነው አፈር የምንሰበስበው፤ በፀሐይ አድርቀን በባልዲ ከድነን እናስቀምጣለን። ያላደረገ ሰው ግን ጎተራው ያወጣዋል። እሱም ከሌለ ከአትክልት መደብር ፒት ሞስ (ለአትክልት የሚሸጥ የበሰበሰ ሽበት) ግዛ፣ ግን ደረቅ መሆኑን እይ። ቀላል ስለሆነ በደንብ ካልጠቀጠቅኸው አይረጋም።

የመርካቶ ልጅ ወንድሜ፣ ጨው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ግን የመንገድ ጨው ከ15 ፋራናይት በታች ጉልበቱ ያልቃል፤ ፍየል አርቢ ጋ ግን ከዜሮ በታች ነው። ካልሲየም ክሎራይድ የሚባለው ሌላ ጨው የበለጠ ብርድ ይችላል። እሱ ደግሞ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ አፈሩን ያጨቀያል፣ ብረቱን ያዝጋል። የመኪና አንቲፍሪዝ (የራዲያተር ውሃ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው) ደግሞ በፍጹም! ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ለውሻም ለፍየልም መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነ ይልሱታል።

ሰላም ለፍጥረት፦
ይቅርታ፣ እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። አንድ ኮዮቴ ብትይዝ ቦታውን ሌላ ይወስደዋል። ፍየሎቹን ማታ በረት ዝጋ፣ ግሬት ፒሬኒስ የሚባለውን መንጋ ጠባቂ ውሻ አሳድግ፣ የኤሌክትሪክ አጥር አድርግ። ወጥመድ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ የሚያድር እንስሳ ያሳዝናል።

ፍየል አርቢ፦
የኤሌክትሪክ መረብ አጥር አለኝ። ግማሹ በረዶ ውስጥ ተቀብሯል፣ ቀሪውንም ሲነኩት አይነዝርም። ውሻ ዛሬ ልግዛ ብል ለሥራ እስኪደርስ ፍየል አይተርፈኝም።

ጋሽ ታዛቢ፦
አጥርህ የማይነዝርበት ምክንያት አለው። ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው በመሬት በኩል ነው፤ በረዶ የሆነ መሬትና ደረቅ በረዶ ደግሞ በደንብ አያስተላልፉም። ለብርድ ወራት አንዱን ሽቦ ባለ ኤሌክትሪክ፣ ቀጣዩን መሬት ውስጥ ከተተከለው የአጥሩ ብረት ዘንግ ጋር የተያያዘ አድርገህ አፈራርቃቸው። እንስሳው ሁለቱን አንድ ላይ ሲነካ ይነዝረዋል። ሰላም ለፍጥረት ስለ በረት ያለችው ትክክል ነው። ለዛሬ ማታም ይሠራል፣ ዝጋቸው።

የዳኮታዋ፦
በረቱን እኔም እደግፋለሁ። ስለ እንስሳው ስቃይም እውነቷን ነው፣ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ማየት ግዴታ የሆነው። በሚኒሶታ ሕግ እንዲህ ያለውን ወጥመድ በየቀኑ ቢያንስ አንዴ ማየት አለብህ። ወጥመዱ ላይ መለያ ይደረጋል። ከላይ የሚታይ ሥጋ ደግሞ ከወጥመዱ በ20 ጫማ ውስጥ አይቀመጥም፣ ንስር ይመጣልና። ዝርዝሩን የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከሚያወጣው መመሪያ አንብብ።

ቦታም ምረጥ። ወደ ደቡብ የዞረ ዳገትና የጥድ ዛፍ ሥር በረዶው ስስ ነው። ዛሬ ማታ ከጣለ ነገ ላዩን ብቻ በቀስታ ጥረግና ደረቅ አፈር ጨምር።

አዮዋ ነኝ፦
እኔ ጋ ደግሞ ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል። ደረቅ አፈሩ በአንድ ቀን ጭቃ ሆነብኝ። ወጥመዱ የታሰረበት ችካልም ላላ።

የዳኮታዋ፦
የአንተ ከእሱ ይብሳል። እንዲህ ላለው ጊዜ በሰም የታሸ አፈር ነው የሚያዋጣው። ደረቅ አፈርና የሰም ፍርፋሪ አንድ ላይ አሙቅ፣ ሰሙ ቀልጦ እስኪጠፋ አማስል፣ እየበረደም ማማሰልህን አታቁም፣ አለዚያ ይጓጉላል። ውሃ አያስገባም። ከሥርም፣ ከጎንም፣ ከላይም እሱን ብቻ ተጠቀም። ላዩን ብቻ ሰም አልብሰህ ሥሩን እርጥብ አፈር ካደረግኸው መንጋጋው ከሥር ይያዛል።

ስለ ችካሉ፦ የ30 ኢንች ብረት ሁለት አድርገህ አጣምረህ ምታ። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሳለ አንዱም ይበቃል፣ ሲቀልጥ ግን ይነቀላል። ሰንሰለቱ ላይ የሚሽከረከር ማያያዣ መኖሩንም እይ፣ የእንስሳው እግር እንዳይጠማዘዝ።

የመርካቶ ልጅ፦
ፍየል አርቢ፣ ከምን ደረስክ? በረዶው ጣለ?

አዮዋ ነኝ፦
እህቴ አመሰግናለሁ። ሰሙን የማሞቀው ምድጃ ላይ ነው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

የዳኮታዋ፦
ቤት ውስጥ አታድርገው፣ ሰም እሳት ይይዛል። በበጋ ጥቁር ሸራ ላይ አስጥተህ ፀሐይ ታቀልጥልሃለች። አሁን ከሆነ ውጭ፣ በትልቅ ብረት ድስት፣ በዝቅተኛ እሳት፣ አጠገቡ ቆመህ።