የባና ሠሪዎችን አመራር በምን ልለካው?

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን የማኔጅመንት ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ መንዝ ውስጥ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሸመን ብርድ ልብስ) የሚሠሩ ማኅበራት ላይ ነው። አመራራቸው ለፈጠራ ምን ያህል ያግዛል የሚል ነው። ግራ የገባኝ መጠይቁ ላይ ነው።

የያዝኩት ባስ እና አቮሊዮ የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁትን የአመራር መጠይቅ ነው። 45 ጥያቄ አለው፤ መልሱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። የሚሞላው ሠራተኛው ስለ አለቃው ነው። እዚህ ግን አለቃ የሚባል የለም። ሴቶቹ ሱፉን ቤታቸው ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ሰብሳቢውም ራሱ ሸማኔ ነው። አንዲት እናት «የቱን አለቃ ነው የምትለኝ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አማካሪዬ ቁጥር ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ይሻላል ባይ ነኝ። ከባና ቦርሳ እንሥራ የሚለው ሐሳብ ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደደገፈው መጠይቁ አያሳየኝም። ለእኔ ዋናው ነገር ደግሞ እሱ ነው።

መጠይቅና ቃለ መጠይቅ አቀላቅሎ የሠራ አለ? በአባላት መካከል የተከፋፈለ አመራርን የሚለካ፣ በአማርኛ የተሞከረ መጠይቅስ ታውቃላችሁ? ንድፈ ጥናቱን ሳላስገባ ብትደርሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።