የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ "ኦፕሽናል" ነው የሚሉት ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶች ጋ ወንድሜ ይፈተን ወይስ ይተወው?

የካዛንቺስ እህት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ነው፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አሜሪካ ሙሉ ስኮላርሺፕ ለማመልከት ተነስቷል። ካያቸው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ኤስኤቲ ኦፕሽናል ነው ይላሉ። እሱ "ግዴታ ካልሆነ ለምን ብር እናቃጥላለን፣ ማትሪክ አለብኝ" ይላል፣ አጎታችን ደግሞ ከዲሲ ደውሎ "አፋቸው ነው እንጂ ያለ ፈተና ዞር ብለው አያዩህም" አለው፣ በቃ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። መመዝገቢያው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ብር እኛ ቤት የወር አስቤዛ ነው። ልጁ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛው መካከለኛ። ያለፈበት ሰው ካለ እንደ ራሳችሁ ወንድም አድርጋችሁ ንገሩኝ።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦
እህቴ መጀመሪያ የሚያመለክትባቸውን ጻፉና ኦፕሽናል የሚለው ቃል እውነት የትኞቹ ላይ እንዳለ እዩ። ኤምአይቲ በኮሮና ጊዜ ትቶት ነበር፣ በፈረንጅ 2022 መልሶ ግዴታ አደረገው፣ ካልቴክ ደግሞ በ2024። ጆርጂያ ቴክና ፐርዱም ይጠይቃሉ። በርክሌይና ሌሎቹ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በተቃራኒው ሙሉውን 1600 ቢያመጣ እንኳ ውጤቱን አያዩትም።

ኤምአይቲ ለምን እንደመለሰው ሲያስረዳ ያለው ነገር እኛን በጣም ይመለከታል። እዚያ ማንም ይሁን ማን ካልኩለስና ፊዚክስ ሳያልፍ አይመረቅም፣ ስለዚህ የሒሳብ ውጤቱ ልጁ ይችለዋል ወይ የሚለውን ያሳያል፣ ደግሞም ስም ያለው ትምህርት ቤት ያልተማረ ጎበዝ ልጅ ራሱን የሚያሳይበት መንገድ ነው። እስቲ አስቢው፣ የወንድምሽ ትራንስክሪፕት ላይ 95 ቢኖር ያ 95 ማርክ ከሚሰስት አስተማሪ ይምጣ ለሁሉም ከሚያድል ትምህርት ቤት እዚያ የተቀመጠው ሰው በምን ያውቃል? የሒሳብ 790 (ከ800) ግን ካዛንቺስም ቦስተንም ያው 790 ነው። ሙሉ ገንዘብ የሚጠይቅ የውጭ ልጅ ሲሆን ደግሞ አብዛኞቹ ጋ ፉክክሩ ይብሳል (ኤምአይቲ ጋ ገንዘብ መጠየቁ አይጎዳውም፣ የውጭ ተማሪም ቢሆን)። ለእኔ ኦፕሽናል ማለት ለሀብታምና ለታወቀ ትምህርት ቤት ልጅ ነው።

ሒሳብ አስጠኚ፣ አራት ኪሎ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ብሉቡክ የሚባለውን አፕ ላፕቶፕ ላይ ጫኑለት፣ ነፃ ነው፣ ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች አሉት። ቤት መብራትና ዋይፋይ ካስቸገረ አብርሆት ላይብረሪ ይሂድ። 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው፣ በሰዓቱ ይቀመጥ፣ ስልኩን አንቺ ያዢለት።

አንድ የማስጠናው ልጅ የመጀመሪያ ቀን አንድ ኳድራቲክ ላይ ተቀምጦ ፎርሙላውን በእጁ ጽፎ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ማስሊያው ዴስሞስ እዚያው ፈተናው ውስጥ አለ፣ እኩልታውን ብታስገቢለት ግራፉ ዜሮን የሚነካበትን ነጥብ ወዲያው ያሳይሻል። ሒሳቡ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ የመጀመሪያውን ሃያ ሁለት በደንብ ካልሠራ ሁለተኛው ቀላሉ ይመጣለትና የፈለገ ቢሠራ ከፍተኛውን ውጤት አያገኝም። የእኛ ልጆች የሚወድቁት ሒሳቡን ሳያውቁ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፣ ያንገበግበኛል።

ኦፕሽናል የሆኑት ጋ ሒሳቡ 750 አካባቢ ካልደረሰ አትላኩት ባይ ነኝ።

ሳልልክ የገባሁ፦
ሌላውም ወገን ይሰማ። እኔ ኤሌክትሪካል ነው የማጠናው፣ ውጤት ሳልልክ ነው ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኘሁት። ተፈትኜ ነበር፣ ሒሳቡ 640 ሲመጣ ተውኩት። በምትኩ ሰፈር ውስጥ የቆመ የውሃ ፓምፕ ኮንትሮለር ከመርካቶ በገዛሁት ዕቃ መልሼ ሠርቼ ነበር፣ የፊዚክስ አስተማሪዬ ደብዳቤው ላይ የጻፈው ስለሱ ነው፣ ስንት ጊዜ እንዳቃጠልኩት ሁሉ ሳይቀር። ሠርቶ የሚያሳየው ነገር ካለ ውጤት ባይልክም ጨዋታ ውስጥ ነው። ምንም ከሌለው ግን ይፈተን። ደግሞ ዱዎሊንጎ ወይ ቶፍል ሌላ ነገር ነው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አብዛኞቹ ይፈልጉታል፣ ኦፕሽናል ሲባል እሱም የቀረ እንዳይመስላችሁ።

የካዛንቺስ እህት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ አብርሆት ወስጄው እስኪጨርስ ውጪ ጠበቅኩት። ሒሳብ 710፣ እንግሊዝኛ 540። ዴስሞስን አንዴም አልነካውም፣ ሳይጨርስ የቀረው ስድስት ጥያቄ ነው፣ አስጠኚው ያልከው የዴስሞስና የሰዓት ነገር እሱ ላይ ደረሰ ማለት ነው። የኅዳር መጨረሻው ላይ ይፈተናል፣ ውጤቱ ለፈረንጆቹ ጃንዋሪ ማመልከቻ ይደርስለታል፣ ማትሪኩም ክረምት መግቢያ ላይ ስለሆነ ሰበብ የለውም ብዬዋለሁ። አጎቴ በካርዱ ሊከፍል ተስማምቷል፣ እናቴ እዚህ ላለችው እህቱ በብር ትመልስለታለች። አስጠኚው፣ አራት ኪሎ የት አካባቢ ነህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦታ አለህ?