ከሲያትል የላክሁት ሞተር መጋዝ ደሴ ሲደርስ አኮረፈ

የጦሳ ልጅ (ሲያትል)

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። የታላቅ እህቴ ልጅ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ግቢያቸው ጥግ ላይ ቆርቆሮ ዘርግቶ ሞተር መጋዝ ይጠግናል። ጎበዝ ልጅ ነው። ቢያንስ እስካለፈው ወር ድረስ እንደዚያ ነበር የምለው።

በጋ ላይ ጎረቤቴ ጓሮውን ሲያጸዳ አንድ ያገለገለ ሞተር መጋዝ በርካሽ ሸጠልኝ። ግቢዬ ውስጥ አስነስቼ ሞከርሁት። ገመዱን ለሁለተኛ ጊዜ ስስበው ተነሳ። ቤንዚኑን ደፍቼ፣ በደንብ አድርቄ፣ ኮንቴይነር ከሚጭኑ ልጆች ጋር ላክሁት።

እዚያ ሲደርስ «ጋሼ፣ ያጨሳል፣ እንጨት ሲነካ ይሞታል» አለኝ። ቀጠለና «ልዩ ካቻቢቴ ላክልኝ» አለ። ካቻቢቴ ደሴ ጠፍቶ? ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ጭራሽ ቆሟል፣ ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) መግዣ 200 ዶላር ላክ» አለ። አፌ አመለጠኝና «ሸጠኸው እንዳይሆን» አልሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህቴ ስልኬን አታነሳም።

ልጁ አበላሽቶት ነው ወይስ እየበላኝ? ገንዘቡን ልላክ ወይስ ልተወው?

የሐረጎ ጥምዝ (ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ ልጁ አልዋሸም። እኔ 16 ዓመት ሙሉ እንጀራዬ ዛፍ ቆረጣ ነው፤ እቤቴም ጋራዥ ውስጥ የሰው መጋዝ ስፈታ ነው የማመሸው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ሲያትል ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ደሴ ላይ አየሩ ሳስቷል፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ይቻላል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ሲያትል የለመደውን ቤንዚን እኩል ያፈስሳል። ቤንዚን በዛ፣ አየር አነሰ። ያጨሳል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል፣ አቅም ያጣል። ልጁ የነገረህ ምልክት ቃል በቃል ይኸው ነው።

መፍትሔው ካርቡሬተሩ ላይ ያሉትን ቪቴዎች ማስተካከል ነው። አንዱ ለዝቅተኛ ዙር፣ አንዱ ለከፍተኛ ዙር፣ ሦስተኛው ለሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጠው ለሚዞርበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወደ ቀኝ ስታዞር ቤንዚኑ ይቀንሳል። አሁን ወደ ካቻቢቴው ልምጣ። አሜሪካ የሚሸጡት መጋዞች በጭስ ሕግ ምክንያት ቪቴያቸው እንደልብ አይዞርም፤ ገደብ የሚያደርግ ቆብ አለባቸው። የብዙዎቹም ራስ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አይገባውም። አንዱ ጥርስ ጥርስ ነው፣ ሌላው በግማሽ ክብ የተቆረጠ። ልጁ የጠየቀህ እሱን ነው። እዚህ ስምንት አስር ዶላር ቢሆን ነው። እሱን ከልክለህ አሁን 200 ተጠየቅህ።

አንድ ነገር ግን ጠይቅልኝ፦ መጋዙ ጭራሽ የቆመው የት ነው? ደሴ ነው?

ወሎየዋ (ጅዳ)

አብሽር ወንድሜ። እኔም ለወንድሜ ባጃጅ መግዣ ልኬ በዓመቱ ሸጦት አገኘሁት። አንድ ወር አኮረፍሁ፣ በሁለተኛው ወር ለኢድ ላክሁለት። ምን ላድርግ? እዚህ ሰው ቤት አስራ አራት ሰዓት ቆሜ የማመጣት ሪያል ናት፤ እዚያ ግን ዛፍ ላይ የምትበቅል ነው የሚመስላቸው።

ሞተር መጋዝ ስትሉ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ደሴ ገና ጉሙ ሳይገለጥ፣ ከአዝዋ በኩል የሚመጣው ጩኸት። ልጅ ሆኜ ቁርጡ የተነሳ ቀን ከእናቴ ጋር ቅጠል ልንሰበስብ እንሮጥ ነበር። የባህር ዛፍ ቅጠል ምጣድ ስር ሲነድ ያለው ሽታ! እዚህ ለጉንፋን የሚሸጡት ቅባት እሱን እሱን ይላል። አንዳንዴ ጉንፋን ሳይኖረኝ እከፍተዋለሁ።

በነገራችን ላይ ልጁ መነጽርና ጫማ አለው? የጎረቤታችንን ልጅ እግሩን መትቶታል።

የሰኞ ገበያ (ዳላስ)

ብትልክም በባንክ ላክ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የባንኩና የጥቁር ገበያው ልዩነት እንደድሮው አይደለም። ድሮ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ እያለ ውጭ እጥፍ ነበር፤ ሰው ቢሸሽ አይፈረድበትም። አሁን ለጥቂት ብር ብለህ የማታውቀው ሰው እጅ አትግባ። እኔ አንዴ በሰው በሰው ልኬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የጦሳ ልጅ (ሲያትል)

@የሐረጎ ጥምዝ፣ ቴሌግራም ላይ ጻፍሁለት። ካቻቢቴውን ሲያጣ ቪቴው ራስ ላይ በብረት መጋዝ ምላጭ ቦይ አውጥቶለት በተራ ካቻቢቴ አስተካከለው። ደሴ ላይ እንደ ንብ ነበር የሚጮኸው አለኝ። ከዚያ ኮምቦልቻ አጠና የሚቆርጥ ሰው አከራየው። እዚያ ሁለተኛ ቀኑ ላይ ቀጥ አለ።

የሐረጎ ጥምዝ (ሚኒሶታ)

አገኘሁት! ቦይ ማውጣቱ ደግሞ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ይናገራል። እኔ ጋ ቢመጣ ነገ እቀጥረዋለሁ።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ጆሮህ ይደፈን የለ? ለካርቡሬተሩም እንደዚያው ነው። አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ ደሴ ላይ በተቀነሰው ልክ ቀረ። ቤንዚኑ ሲያንስ ደግሞ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ የዚህ ሞተር ማለስለሻው ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ዘይት ብቻ ነውና። ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል። 650 ሜትር ብቻውን ላይገድለው ይችላል። ደሴ ላይ ጥግ ድረስ አጥብቆት ከሆነ ግን ይገድለዋል።

«እንደ ንብ ይጮኻል» ያለው ነው ያሳሰበኝ። ሙሉ ጋዝ ሰጥተህ ባዶውን ስታስጮኸው ትንሽ መንተባተብ አለበት። እንጨት ውስጥ ሲገባ ነው ድምፁ የሚጠራው። ባዶውን እያለ ጥርት ያለ ፉጨት ካለ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ይህን ጆሮ እስካገኝ እኔ ራሴ ሁለት ፒስቶን በልቻለሁ።

ዘይቱንስ ስንት ያደርጋል? ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ፣ እሱም የባለሁለት ምት ሞተር ጥሩ ዘይት ከሆነ። ካልሆነ 40። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ፒስቶን ከመግዛቱ በፊት ማርሚታውን ይፍታና በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስቶኑን ፎቶ ያንሳ። ከተቧጨረ ሲሊንደሩንም ይይ። ሞተሩን የሚያሽጉት ጓርኒሶኑና የኮሎው (የሚሽከረከረው ዘንግ) ፓራኦሊዮ አየር የሚያስገቡ ከሆነ አዲሱም ፒስቶን በሳምንቱ እንደዚያው ይሆናል።

የቦርከና ማዶ (ፍራንክፈርት)

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ስለ ቪቴ ታወራላችሁ። ወሎ ላይ የቀረው ዛፍ ስንት ነው? 66ን፣ 77ን ያየ ሕዝብ ነን እኮ። ተራራው ራቁቱን ቀርቶ፣ ዲያስፖራው መጋዝ በኮንቴይነር ይልካል! ችግኝ ብትልኩ አይሻልም?

የሐረጎ ጥምዝ (ሚኒሶታ)

ወንድሜ፣ አጠና የሚቆረጠው ከባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ የመጣው በምኒልክ ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ ቸግሯት። የሚተከለውም ሊቆረጥ ነው። ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ገበሬው ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለጣራው ቆርቆሮ የሚቆጥበው በእሱ ነው። ኮምቦልቻ ፎቅ የሚሠራውስ በምን ላይ ቆሞ ነው? በአጠና። ጽዱንና ወይራውን የነካ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አብሬህ እቃወማለሁ።

የቦርከና ማዶ (ፍራንክፈርት)

ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል። አያቴ ሰፈር የነበረው ምንጭ ዛሬ የለም።

የሰኞ ገበያ (ዳላስ)

ምንጩ የደረቀው በባህር ዛፍ ነው ወይስ ከላይ ያለው ጫካ ለእርሻ ተመንጥሮ? አያትህ በመጥረቢያ ነው የጨረሱት፤ ያኔ ሞተር መጋዝ የት ነበር?

የቦርከና ማዶ (ፍራንክፈርት)

አያቴን ተዋቸው።

የጦሳ ልጅ (ሲያትል)

ፎቶው መጣ። በጭስ መውጫው በኩል ያለው የፒስቶኑ ፊት ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል። ዘይቱን «በቆርኪ ነው የምለካው» አለኝ። የምን ቆርኪ ስለው ዝም አለ። ስለዚህ አልሰረቀኝም፤ ግን እሱም ጥፋት አለበት፣ እኔም ያችን ካቻቢቴ ባለመላኬ። 200ው ላይ አሁንም አልወሰንሁም።

የሐረጎ ጥምዝ (ሚኒሶታ)

የሲሊንደሩንስ ፎቶ? እሱን ሳላይ «ላክ» አልልህም። አሉሚኒየም ብቻ ተለጥፎበት ከሆነ ይጸዳል። ከስሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን ተልጦ ከሆነ ፒስቶን ብቻ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የቦርከና ማዶ (ፍራንክፈርት)

የሲሊንደሩን ነገር ስትጨርሱ፣ አንድ ባህር ዛፍ በቀን ስንት ውሃ እንደሚጠጣ የሚነግረኝ ሰው አለ?

ወሎየዋ (ጅዳ)

ኧረ ውሃውን ተዉት። የጦሳ ልጅ፣ እህትህ ስልኩን አነሳችልህ?