የልጆቹን ቡድን እኩል አድርጌ መከፋፈል አቃተኝ
እባካችሁ እርዱኝ። ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 48 ልጆችን በ6 የእግር ኳስ ቡድን መመደብ አለብኝ። ባለፈው ጊዜ አሰልጣኞቹ ተራ በተራ መረጡ፣ ከዚያ አንዱ ቡድን ሁሉንም በሰፊ ጎል ሲረታ ሌላው አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ጨረሰ፣ ሁለት ልጆችም ተስፋ ቆርጠው ቀሩ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ለእያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥቼ፣ በመጀመሪያው ዙር ቀድሞ የመረጠ አሰልጣኝ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ እንዲመርጥ አስቤያለሁ። ግን ወንድማማቾች አይለያዩም። የአሰልጣኝ ልጅም ከአባቱ ጋር ነው የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጎበዞቹ እነሱ ናቸው። እንደ ስንተኛ ምርጫ ልቁጠራቸው? በጥቂት ወራት የሚበልጡት ልጆች ደግሞ በጉልበት ብቻ ጎበዝ መስለው ነጥቡን ያዛቡብኛል። በረኞችስ ለብቻ ይደልደሉ? የሞከራችሁት ካለ ቶሎ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ነው የምንመድበው።